ድልድይ የሌለባት ሳንቲም

የምነግራችሁ አገር የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ብትጠይቁኝም አልናገርም፤ ያወቀ ያውቀዋል፣ ያላወቀም እንደ ጨዋታ ሰምቶ ይግባ። ወንዝ ነበረው፣ ገበያ ነበረው፣ ንጉሥ ነበረው። ሳንቲም ግን ተርፎት ነበር።

የዚያ አገር ንጉሥ መረሳት የሚባል ነገር እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ነበሩ። ስለዚህ አንድ ደግ ነገር በሆነ ቁጥር፣ ወይም ሊሆን በታሰበ ቁጥር፣ መታሰቢያ ሳንቲም ያስመቱ ነበር። ዘውድ የጫኑበት ቀን ሳንቲም ነበረው። የጥርሳቸው ሕመም የተሻለበት ቀን ሳንቲም ነበረው። የጎረቤት አገር ንጉሥ ሊጎበኛቸው ሲመጣ ዝናብ ይዞት ከመንገድ የተመለሰበት ዕለት እንኳ ሳንቲም ነበረው፤ ባንድ ፊቱ ዝናብ፣ ባንድ ፊቱ ጀርባዋን ሰጥታ የምትሄድ በቅሎ። እነዚህ ሳንቲሞች ሣጥን ውስጥ የሚቆለፉ አልነበሩም። ከልሙጡ ሳንቲም እኩል ገበያ ይወጣሉ፤ በርበሬ ይገዛባቸዋል፣ ቅቤ ይገዛባቸዋል፣ ለለማኝም ይመጸወታሉ።

ጣጣው አሰጣጡ ላይ ነበር። መታሰቢያ ሳንቲም ዝም ብሎ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ሰጪው የምን መታሰቢያ እንደሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ተቀባዩ «አስታውሳለሁ» ይላል። ሳንቲሙ ሳንቲም የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። «የንጉሣችን ጥርስ የተሻለበት!» «አስታውሳለሁ!» «እንግዳው ከዝናብ የተመለሰበት!» «አስታውሳለሁ!» አንድ ቁና ሽምብራ ሊገዛ የወጣ ሰው ድምፁ ዘግቶ ይመለስ ነበር። አላስታውስም ያለ ደግሞ እስኪያስታውስ ድረስ አንድ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ቤቱ መስኮት የለውም ይባላል፤ ገብቶ የወጣ ሰው ስለ ቤቱ ሲያወራ ስላልሰማሁ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሁሉም በላይ የቆመ አንድ አዋጅ ነበር። በቀድሞ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎቹ አንዱ ሆነ ሲል ሌላው አልሆነም እያለ ንጉሡን አታከቷቸውና ነገሩን ባንድ ቃል ገላገሉት፦ ሳንቲም አይዋሽም። ሳንቲም ላይ የተመታ ነገር ሆኗል። ያልተመታ አልሆነም። ታሪክ ጸሐፊዎቹም ከዚያ ወዲያ ተሰናብተው በየቀያቸው ድንች ይተክሉ ጀመር።

ሳንቲሙ በዓይነት ሲበዛ ሰው መልቀም ጀመረ። መጀመሪያ ሀብታሞቹ ለጌጥ ብለው ለቀሙ፤ ቀጥሎ ድሃው ሀብታሞቹ የሚፈልጉትን ከመልሱ መካከል እየለየ ማስቀመጥ ያዘ። ምሽት ላይ በየደጃፉ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የቀን ገቢውን ሲያገላብጥ ይታያል፤ ለሩቅ አላፊ ከምስር ውስጥ ጠጠር የሚለቅም ይመስለዋል።

የትኛው ሳንቲም ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚወስኑት ሊቀ ተማኝ ወርቅአገኘሁ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መሀል ከፍ ያለ መደብ ላይ ይቀመጡና የቀረበላቸውን ሳንቲም በሁለት ጣት ወደ ሰማይ አንሥተው የምን መታሰቢያ እንደሆነ ይጠራሉ። ሕዝቡ «እናስታውሳለን!» ካለ ሳንቲሙ ዋጋ አገኘ። ዝም ካለ አንድ ጊዜ ደግመው ይጠሩታል፤ አሁንም ዝም ከተባለ ማንም የማያስታውሰው ሳንቲም ነውና ከአጠገባቸው በሚነደው ምድጃ ውስጥ ይጣላል። ምድጃው ከተሠራ ጀምሮ ግን አንድም ሳንቲም ቀልጦበት አያውቅም። ሰው ሁሉ ጎረቤቱ ሲጮኽ ይጮኻላ!

ከሳንቲም ሁሉ የሚወደደው የተሳሳተው ነበር። በአዋጁ መሠረት መምቻው ቤት አይሳሳትም፤ የማይሳሳት ቤት የተሳሳተው ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አስቡት። ይሁን እንጂ ስሕተት ብሎ መጥራት ያስቀጣል። ስለዚህ ሊቀ ተማኙ ለእያንዳንዱ ስሕተት ምክንያት ይፈልጉለታል። አንድ ጊዜ የንጉሡ ግራ ጆሮ ያልተመታበት ሳንቲም ሲገኝ «ንጉሣችን ሐሜት አልሰማም ያሉበት!» ብለው ጠሩት፤ ሕዝቡ አስታወሰ፤ ያም ቀን በየዓመቱ ይከበር ጀመር። ሌላ ጊዜ የመኸሩ ሳንቲም ሁለቴ ተመትቶ አንዱ ዛላ በሌላው ላይ ተደርቦ ተገኘ። «በአንድ ዓመት ሁለት መኸር የገባበት!» አሉ። ሕዝቡ ሳያስብ አስታወሰ። በሳምንቱ ግብር ሰብሳቢዎች የሁለተኛውን መኸር ግብር ሊጠይቁ መጡ። እንግዲህ ተማኝ የጠራውን ሕዝብ ካስታወሰው ሆኗል ማለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አሁን ወደ ወንዙ ልምጣ።

አገሩን ለሁለት የሚከፍል ጥልቄ የሚባል ወንዝ ነበር። በጋ እስከ ጉልበት ነው፤ ክረምት ሰው ይበላል። ሕዝቡ ዘመን ቆጥሮ ሲለምን ኖሮ በመጨረሻ ድልድይ ይሠራ ተባለ። ድንጋይ ተጠረበ፣ ኖራ መጣ። ሳንቲም መቺዎቹ ግን ፈጣኖች፣ ግንበኞቹ ዘገምተኞች ነበሩና መሠረቱ ሳይቆፈር ሳንቲሙ ደረሰ። ባለ ሦስት ቅስት ድልድይ፣ ከሥሩ ሞገድ፣ ዙሪያውን የምረቃው ቀን። ሲያምር ለጉድ ነው። ሕግ ደግሞ ሕግ ነው፤ ሳንቲሙ ከወጣ ድልድዩ ተሠርቷል። የተሠራን ድልድይ እንደገና መሥራት የመንግሥትን ሀብት ማባከን ነው። ስለዚህ የተጠረበው ድንጋይ ለመምቻው ቤት ማስፋፊያ ዋለ።

በምረቃው ዕለት ከወዲህም ከወዲያም ማዶ ሕዝብ ተሰብስቦ አጨበጨበ። ሪባኑን የቆረጡት የመታሰቢያው አዛዥ፣ አዛዥ ብሥራት ናቸው። ቆርጠው ሲጨርሱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሊራመዱ ብለው ወንዙን አዩና «ክብሩ የንጉሣችን ነው፤ እኔ አልቀድምም» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ታንኳዎቹ ተሰብረው ማገዶ ሆኑ፤ ድልድይ እያለ በታንኳ መሻገር ድልድዩን መስደብ ነው ተብሎ። መሻገር የፈለገ ሰው እንግዲህ ልብሱን ጠቅልሎ ጭንቅላቱ ላይ ያስርና ይገባል። አንዳንዱ ይወጣል።

አንጓች የምትባል ጌሾ ሻጭ ነበረች። ባሏ ደርበው ጌሾውን ከወዲያ ማዶ እየገዛ ያመጣላታል፣ እሷ ትሸጣለች። በሐምሌ አንድ ቀን ሸክሙን እንደያዘ ወንዙ መሀል ላይ እግሩ ከዳው። ዳር የቆሙ ሰዎች እጁን አዩት፤ ከዚያ እጁንም አላዩትም። ጌሾው ለብቻው ታች ድረስ ሲንሳፈፍ ታየ። ሬሳው አልተገኘም።

በዚያ አገር መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሞት ሞት የሚሆነው አዛዥ ብሥራት ሲቀበሉት ነው። እሳቸው ከተቀበሉ ሽማግሌ ይልካሉ፣ ሽማግሌው መርዶ ይነግራል፣ ከዚያ ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ተዝካር ይወጣል። መርዶ ካልተነገረ ይኼ ሁሉ ክልክል ነው። አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አዛዡ ቢሮ ሄደች።

«ባሌ ሞቶብኛል፣ ጌታዬ። መርዶ ነጋሪ ይላኩልኝ።»

«የት ሞተ?»

«ጥልቄ ወሰደው።»

አዛዡ ከኪሳቸው አንድ ሳንቲም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ድልድይ።»

«ታዲያ ድልድይ ባለበት ወንዝ ሰው ይሰጥማል?»

«ድልድዩ እኮ፣ ጌታዬ...»

«ሳንቲም ይዋሻል እያልሽኝ ነው?»

አንጓች ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። መስኮት የሌለውን ቤት የማያውቅ የለም።

አዛዥ ብሥራት ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ቢያንስ መጣላት ይቻላል። ድምፃቸውን አለዘቡ፣ ውሃም አስመጡላት። «አየሽ፣ ባልሽ አልሞተም። በመሻገር ላይ ነው። ድልድዩ ረጅም ነው።»

«ሐምሌ ገብቶ ሐምሌ ወጣ እኮ፣ ጌታዬ። አሁን ነሐሴ እያለቀ ነው።»

«በጣም ረጅም ነው» አሉ አዛዡ።

ቤት የደርበው እናት፣ እመት ትርንጎ ይጠብቋታል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ወገባቸው ጎብጧል፤ ልጃቸው እሱ ብቻ ነበር። ምራታቸው የአዛዡን መልስ ነገረቻቸው።

«እኔ እኮ ሞቴን እየጠበቅሁ ነው፣ አንጓቼ» አሉ። «ልጄን ሳላለቅሰው፣ እርሜን ሳላወጣ እንዴት ነው የምሞተው?»

«ከእኔ ጋር ያልቅሱ፣ እማዬ። በሩን እዘጋለሁ።»

«በር ዘግቶ ማልቀስማ ማን ከለከለን? ዕንባ ነው እሱ። ለቅሶ ሰው ይፈልጋል።»

እውነታቸውን ነው። ሐዘን ብቻውን ሲቀመጥ ይሻግታል። ጎረቤቶቻቸው ግን የሚመጡት በአዋጁ እንደታዘዘው «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ መንገደኛችሁ እየተሻገረ ነው» ለማለት ነበር። ይህን ብለው ጫማቸውን እያዩ ይወጣሉ። የብዙዎቹም የራሳቸው ሰው በመሻገር ላይ ነበር። የአንዱ ወንድም፣ የአንዷ ልጅ፣ ያንዲቱ አባት። በዚያ ሰፈር «እንኳን ደስ ያላችሁ» የተባለ ሰው ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

አንጓች ገበያ መውጣቷን አልተወችም፤ መብላት አለ። የድልድዩ ሳንቲም ደግሞ ከሁሉ በዝቶ የተመታ ነውና ከሦስት ገዢ ሁለቱ የሚዘረጉላት እሱን ነው። «ድልድያችን የተመረቀበት!» ይሏታል። እሷም ጌሾውን እየሰፈረች «አስታውሳለሁ» ትላለች። ቃሉ ራሱ ጌሾ እንዳኘከ ሰው አፏን ይመራት ነበር። ዓመት ሙሉ እንዲህ አለች። እኔ ብሆን አልችለውም ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ማታ ማታ የቀኑን ሳንቲም የሚለዩት እመት ትርንጎ ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም አውራ ጣታቸው ያያል፤ ጥርሱን ለብቻ፣ በቅሎዋን ለብቻ፣ ድልድዩን ለብቻ እየዳሰሱ ያስቀምጣሉ። አንድ ምሽት እጃቸው አንዲት ሳንቲም ላይ ቆመ። ደግመው ዳሰሷት።

«አንጓቼ፣ ይቺ ድልድይ የላትም።»

አንጓች ወደ ብርሃኑ አቀረበቻት። ሞገዱ አለ። የምረቃው ቀን አለ። ሦስቱ ቅስቶች ሊሆኑበት በተገባው ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ከወዲህ ዳር እስከ ወዲያ ዳር ውሃ ብቻ። መቺውን እንቅልፍ ጥሎት ይሁን፣ ማኅተሙ ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ይሁን አላውቅም።

«እማዬ፣ ይቺ እኮ ሀብት ናት» አለች አንጓች። «እንዲህ ያለ ተገኝቶ አያውቅም።»

«ሀብቱ ይቅርብኝ» አሉ አሮጊቷ። «ሊቀ ተማኙ ከጠሯትና ሕዝቡ ካስታወሳት የተጠራችው ነገር ይሆናል አይደል? ባለ አንድ ጆሮው በዓል ሆኖ የለም እንዴ? ያልታጨደው መኸርስ ግብር ተከፍሎበት የለም? ይቺንስ ባደባባይ ምን ብለው ሊጠሯት ነው?»

አንጓች ሳንቲሟን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

ወሬ እግር አለው። ገና ሳምንት ሳይሞላ ሊቀ ተማኝ ወርቅአገኘሁ ራሳቸው በበቅሎ መጥተው ደጇ ላይ ወረዱ። እኒህ ሰው ተማኝ ብቻ አልነበሩም፣ ለቃሚም ነበሩ፤ የሌላቸው ሳንቲም እንዳለ ሲሰሙ ምግብ አይበላላቸውም። ገበያ ላይ «አንቺ ጌሾ ሻጭ» የሚሏትን ሴት ዛሬ «እሜቴ አንጓች» ብለው ጀመሩ። ሳንቲሟን መዳፋቸው ላይ አድርገው ሲያዩ ከንፈራቸው ደረቀ።

«ሁለት የእርሻ በሬ» አሉ። «ቆርቆሮ የለበሰ ቤትም» ብለው ጨመሩ።

«ምንም አልፈልግም፣ ጌታዬ። ቅዳሜ ገበያ ላይ በወጉ ይተምኗት። ከተተመነች በኋላ ያለ ምንም ዋጋ ይውሰዷት።»

«ያለ ምንም?»

«ያለ ምንም።»

ነጻ ነገር ዓይን ያሳውራል። ደግሞም ያልተጠራ ሳንቲም ከአንድ ጭብጥ ጌሾ በላይ እንደማያወጣ ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ዞሮ ዞሮ መጠራት ነበረባት። እየተመለሱ ሳሉ በቅሎዋ ላይ ሆነው የሚጠሩበትን ቃል አበጁ፦ ከድልድዩ በፊት የነበረው ወንዝ መታሰቢያ። ምንም እንከን የለውም። ንጉሡንም አያስቆጣም፣ ሳንቲሟንም አያሳጣም። በራሳቸው ረኩ።

አንጓች ደግሞ በዚያ ሳምንት ጌሾ ለገዛት ሁሉ መልሱን ስትሰጥ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ትናገር ነበር። «ቅዳሜ ሳንቲሜን ሲጠሯት የምታስታውሱትን ብቻ አስታውሱ።» ይህን የሚከለክል አዋጅ አልነበረም። እንዲያውም የአዋጁ ቃል ነው ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ገበያው ጢም አለ። አዛዥ ብሥራትም ጥላ አስይዘው ከመደቡ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሊቀ ተማኙ ሳንቲሟን አነሡና በሚያምር ድምፃቸው ጠሩ።

«ከድልድያችን በፊት የነበረው ወንዝ መታሰቢያ!»

ዝም። በዚያ ገበያ ውስጥ ዝምታ ተሰምቶ ስለማያውቅ ሰዉ ራሱ ደነገጠ። አንዱ አንዱን አየ፤ ማንም አፉን አልከፈተም። አንድ ሰው ዝም ቢል ይያዛል፤ ገበያ ሙሉ ሰው ዝም ሲል ማን ማንን እንደሚይዝ ግን የደነገገ አልነበረም። ወታደሮቹ አዛዡን አዩ። አዛዡ ምድጃውን አዩና በአገጫቸው አመለከቱ። ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነበር፤ ሳንቲሟ ትቅለጥና ነገሩ ይለቅ። ምድጃ ጠባቂው ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረውን ሥራ አገኘና ጉጠቱን አነሣ።

የቀራቸው አንድ ጥሪ ነው። ሊቀ ተማኙ ግንባራቸውን ጠረጉ። ሳንቲሟን አዩ፤ እሳቱን አዩ። ያንኑ ቃል ቢደግሙት ዝምታው እንደሚደገም ፊቶቹ ይናገራሉ። አንጓችን ፈለጓት፤ ከመደቡ ሥር ቆማለች፣ አትለምናቸውም፣ አታስፈራራቸውም። ሰው ለሚወደው ነገር ሲል ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። እኒህ ሰው የሚወዱት አገራቸውን አልነበረም፣ እውነትንም አልነበረም። ያቺን ሳንቲም ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑና ጮኹ።

«የጥልቄ መታሰቢያ! በምረቃው ቀን! ድልድይ የሌለው ወንዝ!»

«እናስታውሳለን!»

የወጣው ድምፅ ዶሮዎቹን ከየቅርጫታቸው አስነሣ። ያልጠገቡ ደግመው አሉት። አንዲት ቅቤ ሻጭ ቅሏን ጥላ «እኔ አስታውሳለሁ! እኔ አስታውሳለሁ!» እያለች ደረቷን ትመታ ነበር።

አዛዥ ብሥራት ጥላቸውን ትተው ተነሡ። «ይህ አልተባለም! ይህ አልተጠራም!»

አንጓች ወደሳቸው ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሳንቲም ይዋሻል እያሉ ነው፣ ጌታዬ?»

አዛዡ ተመልሰው ተቀመጡ። ሳንቲሟን አንጓች በቃሏ መሠረት ለሊቀ ተማኙ ተወችላቸው። እሳቸውም ኪሳቸው ውስጥ ጨምረው ከሕዝቡ መካከል ሹልክ ብለው ሄዱ፤ ሳምንት ሙሉም ታምሜአለሁ ብለው ከቤት አልወጡም።

ነገሩ ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ ብዙ አሰቡ። ሁለት ሳንቲም አለ፤ አንዱ ድልድይ አለው፣ አንዱ የለውም፤ ሁለቱም አይዋሹም። አማካሪዎቹ ከሁለት ተከፍለው ተከራከሩ፤ ድንች የሚተክሉት ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠሩ ያለም ነበር፣ ሰሚ አላገኘም። በመጨረሻ ነጋሪት ተጎሰመና ይህ ታወጀ። ድልድይ የሌለባት ሳንቲም የተጠራችው ቅዳሜ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥልቄ ላይ ድልድይ የለም። ከእሑድ እስከ ዓርብ አለ። በወንዙ የሞተ ያለበት ሰው ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ማልቀስ ይችላል። እሑድ ዕንባ የተገኘበት ግን ድልድዩን እንደካደ ይቆጠራል። የመጀመሪያውንም መርዶ፣ ከልክለውት የነበሩት አዛዥ ብሥራት ራሳቸው ይንገሩ።

አስቂኝ ነው አትሉም? እኔም ስሰማው ሳቅሁ። እዚያ ያሉት ግን አልሳቁም፤ ለቅሶ የተከለከለ ሰው አንድ ቀንም ቢሰጡት ይቀበላል።

ቅዳሜ ጠዋት አዛዡ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የእመት ትርንጎ ደጃፍ ላይ ደረሱ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞልቶታል፤ ቦታ ያጣው እስከ ወንዙ ዳር ተዘርግቶ ቆሟል። አሮጊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንጓች ከጎናቸው። አዛዡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደስታ ሲያበሥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንኳን...» አሉና ቆሙ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ተናገር፣ ልጄ» አሉ እመት ትርንጎ።

«ደርበው... ደርበው ሞቷል፣ እናቴ።»

«መቼ?»

«አምና በሐምሌ።»

«የት?»

«ጥልቄ ውስጥ።»

አሮጊቷ የደከሙ ዓይኖቻቸውን ወደ ድምፁ አነሡ። «ድልድዩስ?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አዛዡ የታዘዙት ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ድልድይ የለም እንዲሉ ነበር። ቃሉ ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል። ሊሉት ሞከሩ፤ ከንፈራቸው አልታዘዝ አለ።

«ድልድይ የለም፣ እናቴ» አሉ። «ኖሮም አያውቅም።»

ያን ጊዜ እመት ትርንጎ «ልጄን!» አሉ። ከዚያች ትንሽ ሰውነት ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ የነበሩት ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራሉ። አንጓች ደርቄያለሁ ብላ ነበር፤ አልደረቀችም። ስሙን እየጠራች መሬት ላይ ወደቀች፤ ሴቶቹ አነሷት፣ ደግማ ወደቀች። ግቢው ሁሉ ደርበውን አለቀሰ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ የራሱን ሰው ስም መጥራት ጀመረ። ቅቤ ሻጯ ወንድሟን ጠራች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መርዶ ሊነግር መምጣቱን ረስቶ ልጁን ጠራ። ትንሽ ቆይቶ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሌላ ለቅሶ ተሰማ። እነዚያም አዋጁን ሰምተው ዳር ድረስ ወጥተው ኖሯል፤ እነሱም ለካ የሚያለቅሱት ሰው ነበራቸው።

አዛዡ ሥራቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ዞር አሉ።

«መርዶ ነግሮ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ አሮጊቷ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ሹመኛ መሬት ላይ ሲቀመጥ እግሩን የሚያደርግበት ይጠፋዋል። ቀን ላይ የወዲያ ማዶ ሰዎች ግንድ አጋጥመው፣ እዝን ይዘው ተሻገሩ፤ ድልድይ በሌለበት ቀን በግንድ መሻገር ማንንም አይሰድብም። እመት ትርንጎ ዓመት ሙሉ ምግብ ቀመስ አድርገው ሲተዉ ኖረው ያን ዕለት ጠግበው በሉ። አዛዡም ሲያጎርሷቸው በሉ። ከዚያ ደግሞ ለቅሶው ቀጠለ፤ መርዶ ያልተነገራቸው ብዙ ቤቶች ነበሩና አዛዡ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ተራ በተራ ይነግራሉ። ድልድይ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ድልድይ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ቃሉን ባሉት ቁጥር ድምፃቸው እየጎረነነ ሄደ።

ፀሐይ ወደ ተራራው ጥግ ስትወርድ ነጋሪት መቺው መጣ። ሥራው የድልድዩን መመለስና የለቅሶውን ማብቃት ማወጅ ነው። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ተራቸውን ሲጠብቁ የዋሉ እናቶች አዛዡን አዩ። ነጋሪት መቺው ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ላይ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ፀሐይ ጠለቀች።»

አዛዥ ብሥራት ቀና አሉ። ምዕራቡን አላዩም። አንጓችን አዩ፣ ከኋላዋ የተሰለፉትን አዩ።

«ገና ቅዳሜ ነው» አሉ።

«ጌታዬ፣ ፀሐይዋ እኮ...»

«ገና ቅዳሜ ነው አልኩህ። ነጋሪትህን አኑርና ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ።

እኔ ከዚያ አገር የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ዛሬ እናንተ ዘንድ ቀኑ ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን እሑድ ነው ያለኝ የለም። ድልድይ በሌለበት ቀን ድልድይ መሥራትን የሚከለክል አዋጅ ስላልወጣ ከወዲህም ከወዲያም ድንጋይ እየተሸከሙ ነው ይሉኛል። አንጓችም ከተሸካሚዎቹ አንዷ ናት።